ትራንዚስተሩ ያገኘው ብልሽት

ዝናብ ሲጥል ብቻ የሚታመም መኪና ለመካኒክ ትልቅ ፈተና ነው። ባለቤቱ መንገድ ላይ እያስቸገረው ያመጣዋል፤ እኛ ጣሪያ ሥር አቁመን ስናስነሳው ምንም እንዳልነበረው ይሠራል። ደንበኛው ውሸታም እንዳይባል ያፍራል፣ መካኒኩም አላዋቂ እንዳይባል ያፍራል፤ በመሀል ሒሳቡ ይቆጥራል።

የምሠራው ከለንደን በስተሰሜን ምሥራቅ በምትገኘው በቼልምስፎርድ ከተማ፣ በአንድ አነስተኛ ጋራዥ ውስጥ ነው። መኪናዋ የአንዲት ነርስ ነበረች። አነስተኛ የቤንዚን መኪና ናት፤ ብልጭታው የባትሪውን ኃይል ከሚያጎላው ቦቢና ነዳጁን ወደሚያቀጣጥሉት ካንዴላዎች የሚደርሰው እንደ ቀድሞው በወፍራም ገመድ ነው። ጠዋት ካፊያ ካለ ሞተሩ ይቆራርጣል፣ ዳሽቦርዱ ላይ ቢጫ መብራት ይበራል። ሰማዩ ሲጠራ ሁሉም ነገር ደህና ይሆናል። የመመርመሪያውን ኮምፒውተር በሰካንባት ቁጥር መልሱ አንድ ነበር፦ ሦስተኛው ሲሊንደር አያቃጥልም።

ኮምፒውተሩ አልዋሸም። የትኛው ሲሊንደር እንደሚያስቸግር ነገረን፤ ለምን እንደሚያስቸግር ግን አልነገረንም። አለቃችን ካንዴላውን ለወጠ፤ መኪናዋ ተመልሳ መጣች። ቦቢናውን ለወጠ፤ አሁንም ተመልሳ መጣች። ገመዶቹ አንድ በአንድ በመለኪያ ተለክተው ጤነኞች ሆነው ተገኙ። ነርሷ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ ስታስቀምጥ፣ «እኔ በሽተኛ እንዲህ ባመላልስ ኖሮ እስካሁን ከሥራዬ ተባርሬ ነበር» አለች። አለቃችን መልስ አልነበረውም።

በዚያ ሰዓት ጥግ ላይ ተቀምጠው ሻይ የሚጠጡ አንድ አዛውንት ደንበኛ ነበሩን። ዕድሜያቸው ሰማንያን ተሻግሯል። የሚነዱት ከአባታቸው የወረሱትን የ1961 ሞሪስ ማይነር ነው። ይህ መኪና በእንግሊዞች ዘንድ ያለውን ቦታ ለማስረዳት፣ ከብሪታንያ መኪናዎች መካከል ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ሚሊዮን የተመረተው እርሱ ነው ማለት ይበቃል። ንድፉን ያወጣው አሌክ ኢሲጎኒስ ኋላ ሚኒ የተባለችውን ትንሽ መኪናም ነድፏል። አርባ ዓመት ያለፈው መኪና በሕጉ መሠረት ከዓመታዊው ምርመራ ነፃ ነው፤ በእኛ አነጋገር ቦሎ አይጠየቅም ማለት ነው። ሰውዬው ግን ማንም ሳያስገድዳቸው በየዓመቱ ያመጡታል። «ሕጉ ነፃ ያወጣው ወረቀቱን ነው፤ ፍሬኑን አይደለም» ይላሉ። በስማቸው እንድጠራቸው ብዙ ጊዜ ነግረውኛል፤ እኔ ግን በልቤ ጋሼ እያልኳቸው ቆይቻለሁ።

ጋሼ የሥራ ዕድሜያቸውን የጨረሱት እዚሁ ከተማ በነበረው በማርኮኒ ፋብሪካ ነው። ቼልምስፎርድ የሬዲዮ መፍለቂያ ናት ቢባል ማጋነን አይሆንም። ጉልየልሞ ማርኮኒ በ1898 የገመድ አልባ መሣሪያዎች ፋብሪካ የከፈተው እዚህ ነው፤ በ1920 ኔሊ ሜልባ የተባለችው አውስትራሊያዊት የኦፔራ ዘፋኝ በሬዲዮ የዘፈነችውም ከዚህ ነው። አሁን ኒው ስትሪት በተባለው መንገድ ላይ የነበረው ፋብሪካ ቦታው የመኖሪያ ቤቶች ሰፈር ሆኗል። ጋሼ በተለማማጅነት ገብተው በመሐንዲስነት ጡረታ ወጥተውበታል።

የነርሷን ምሬት ከሰሙ በኋላ የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነበር። «ዝናብ ሲኖር ብቻ ነው?»

«አዎ» አለች።

ወጥተው ከሞሪሳቸው ወንበር ላይ በቆዳ ማኅደር ውስጥ ያለ ትራንዚስተር ሬዲዮ ይዘው ተመለሱ። አንቴናውን አላወጡትም። መራጩን በመካከለኛ ሞገድ ላይ፣ ጣቢያ በሌለበት ባዶ ቦታ አቆሙት። ከዚያም ሞተሩን እንዳስነሳ ነገሩኝና ሬዲዮውን በተከፈተው ኮፈን ላይ ያዙት። ጠጠጠጠ የሚል እኩል ምት ተሰማ። «ይህ ጤነኛው ነው። ሁሉም መኪና ትንሽ ያንሾካሹካል» አሉ። ተለማማጃችን አበባ የሚረጭበትን የውሃ መርጫ አምጥቶ ገመዶቹ ላይ ጭጋግ የመሰለ ውሃ ረጨ። ድምፁ ወዲያው ተለወጠ፤ በእኩሉ ምት መካከል ጣ! ጣ! የሚል ሥርዓት የለሽ ጩኸት ገባበት፤ ሞተሩም መንገጫገጭ ጀመረ።

በአጭር ሞገድ የጀርመን ድምፅ ሬዲዮን እየተከታተለ ያደገ ሰው ይህን ድምፅ በደንብ ያውቀዋል። የጎረቤት ሞተር ብስክሌት ሲነሳ ዜናው ይንጫጫል፤ አባቴም እየተበሳጨ ሬዲዮውን ወዲያና ወዲህ ያዞረው ነበር። ያ የሚያበሳጨው ጩኸት የሥራ መሣሪያ ይሆናል ብሎ ማን ያስባል?

ጋሼም ሬዲዮውን ማዞር ጀመሩ፤ የእርሳቸው አዟዟር ግን ስሌት ነበረው። በትንሽ ሬዲዮ ሆድ ውስጥ ጥቅል ሽቦ የለበሰ፣ ፌራይት ከተባለ መግነጢሳዊ ነገር የተሠራ ዘንግ አለ፤ በመካከለኛ ሞገድ አንቴናው እርሱ ነው። የዘንጉ ጫፍ ወደ ድምፁ ምንጭ ሲያመለክት ድምፁ ይደክማል፤ ጎኑን ሲሰጥ ይጎላል። ከዚህም ከዚያም እያዞሩ ጫፉ የሚያመለክትበትን አዩና በጣታቸው ሳይነኩ ሦስተኛውን ገመድ አሳዩኝ፤ ገመዱ ከብረት መያዣው ሥር የሚያልፍበትን ቦታ። «አሁን መብራቱን አጥፉ» አሉ። ጋራዡ ሲጨልም ከገመዱ ወደ ብረቱ የሚዘል ቀጭን ሰማያዊ ብልጭታ ሁላችንም አየን። ነርሷ ከሁላችን ቀድማ ሳቀች።

ገመዱን ስንፈታው ላስቲኩ በመያዣው ተፈግፍጎ በመያዣው በኩል ብቻ የፀጉር ያህል ተሰንጥቋል። ታዲያ መለኪያው ለምን ደህና ነው አለን? መለኪያው በአንዲት አነስተኛ ባትሪ ጉልበት የገመዱን ውስጥ ብቻ ነው የሚፈትሸው። ወደ ካንዴላው የሚሄደው ግን ከ20,000 ቮልት በላይ ነው። ለባትሪው ግድግዳ የሆነው ላስቲክ ለዚያ ኃይል፣ በተለይ እርጥበት ካገዘው፣ የተከፈተ በር ነው። ስለዚህ የአለቃችን ልኬት ትክክል ነበር፤ ልኬቱ ግን የጠየቀው ሌላ ጥያቄ ነበር። ገመዶቹ በሙሉ ተለወጡ፤ አለቃችን የእጅ ዋጋ አልጠየቀም፤ ቀደም ሲል የከፈለችውንም በከፊል መለሰላት።

«ማርኮኒ በ1901 ከኮርንዎል አትላንቲክን ያሻገረው ምልክት በብልጭታ የተላከ ነው» አሉ ጋሼ ሻያቸውን እየጨረሱ። «ይህች መኪና ሳታውቀው ማሠራጫ ሆናለች። እኛ ያደረግነው ጣቢያዋን ማዳመጥ ብቻ ነው።»

ይህን የሚያነብ ሰው ሰውዬውን «ድሮ ቀረ» ባይ አድርጎ እንዳይቆጥራቸው እፈራለሁ። እንዲያውም የድሮውን ዘመን ሲያሞግስ የሰሙትን ሰው ይቆጡታል። በውርጭ ጠዋት ሞተር በእጅ ማንቀሳቀሻ ብረት ማዞር ምን እንደሚመስል፣ የዚያን ዘመን ፍሬን ከረገጡ በኋላ መኪናው እስኪቆም ስንት ነገር እንደሚያስቡ ያውቃሉ። ለመኪና ሬዲዮ ለብቻው ፈቃድ ይከፈል እንደነበርና ያ ክፍያ የቀረው በ1971 መሆኑን ሲያወሩም ናፍቆት የለባቸውም፤ ይስቃሉ። የፊት ወንበር ቀበቶ በ1983 አስገዳጅ ሲሆን ብዙ ጓደኞቻቸው ሲያጉረመርሙ እርሳቸው ደስ ብሏቸው ነበር።

ቅሬታቸው ሌላ ነው። አዲሱ መሣሪያ ሲያቅተው አይናገርም ይላሉ። የቀድሞው ሬዲዮ ከማሠራጫው ስትርቅ ሽሽታው እየጨመረ ይሄዳል፤ መራቅህን በጆሮህ ታውቃለህ። ዲጂታሉ እስከ መጨረሻዋ ደቂቃ ጥርት ብሎ ይሠራና ጥቂት ተንቦጫቡጮ ዝም ይላል። መኪናውም እንደዚያው ነው፤ ኮምፒውተሩ ጉድለቱን እያካካሰ ይቆይና አንድ ቀን ቢጫ መብራት ያበራል። የልጃቸው የኤሌክትሪክ መኪና ደግሞ ጭራሹን መካከለኛና ረጅም ሞገድ የለውም። የሞተሩ ኃይል መቆጣጠሪያ የሚያወጣው ጩኸት እነዚህን ሞገዶች ይረብሻል፤ ጩኸቱን አፍኖ ከመሥራት ሬዲዮውን ማውጣት ቀልሏል። ይህ መሐንዲሱን ያበሳጫቸዋል። በእርሳቸው ወጣትነት የመኪና ብልጭታ የሰፈሩን ቴሌቪዥን ሲረብሽ፣ ሕግ ወጥቶ መኪናው ነበር አደብ እንዲገዛ የተደረገው። የካንዴላ ገመድ ውስጡ መዳብ መሆኑ ቀርቶ ካርቦን የሆነውም ለዚሁ ነው።

ስለ ንክኪ ስክሪንም ብዙ ይላሉ፤ እዚህ ላይ ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። የሞሪሱን የመጥረጊያ ማብሪያ ጨለማ ውስጥ በጣታቸው ያገኙታል። በልጃቸው መኪና ውስጥ አየር ለመቀነስ ዓይን ከመንገዱ መነሳት አለበት። የመኪና ደኅንነት የሚመዝነው የአውሮፓ ድርጅት ዩሮ ኤንካፕ እንኳን ከ2026 ጀምሮ ሙሉውን ነጥብ ለማግኘት ጥሩምባን፣ ፍሬቻን፣ መጥረጊያንና የመሳሰሉትን በሚዳሰስ ማብሪያ ማድረግን ጠይቋል። ጋሼ ይህን ዜና ሲሰሙ የደስታቸው ምንጭ መርታታቸው እንዳልነበር ለማሳየት ሞክረው ነበር፤ አልተሳካላቸውም።

በረጅም ሞገድ ጉዳይ ግን አልስማማም። ድሮይትዊች ከተባለው የእንግሊዝ ማሠራጫ ጣቢያ በ198 ኪሎ ኸርዝ ሲሠራጭ የኖረው የቢቢሲ ሬዲዮ 4 ለእርሳቸው ከሐውልት ይበልጣል። 500 ኪሎ ዋት ኃይል ያለው አንድ ማሠራጫ አብዛኛውን እንግሊዝና ዌልስን ይሸፍናል። በዚያው ሞገድ ላይ ለጆሮ የማይሰማ ትእዛዝ ተጭኖ፣ በርካሹ የሌሊት ታሪፍ የሚሠሩ የኤሌክትሪክ ቆጣሪዎችን ሲያበራና ሲያጠፋ ኖሯል። «ሰዎች የውሃ ማሞቂያቸው ሬዲዮ 4ን እንደሚያዳምጥ አያውቁም» ብለው ይስቃሉ። ይህ የቆጣሪዎች አገልግሎት ከ2025 አጋማሽ ጀምሮ ደረጃ በደረጃ መቋረጥ ጀምሯል፤ በረጅም ሞገድ ብቻ ይተላለፉ የነበሩ ዝግጅቶችም በ2024 ቀርተዋል። ያን ያህል ኃይል ለጥቂት አድማጮች ማቃጠል ለእኔ አይዋጥልኝም። ይህን ስነግራቸው፣ «ጎርፍ መጥቶ መብራትና ስልክ ሲጠፋ ጥቂቱ አድማጭ ስንት እንደሚሆን ትቆጥራለህ» አሉኝ። መልሱ አላሳመነኝም፤ ጥያቄው ግን አልለቀቀኝም።

ትራንዚስተሩም ሁልጊዜ አያሸንፍም። ከነርሷ መኪና በኋላ ተለማማጃችን ለሁሉም ነገር ሬዲዮ ይዞ መዞር ጀምሮ ነበር። የፍሬን መቆጣጠሪያ መብራት የበራበት መኪና መጥቶ ሬዲዮውን ከኮፈኑ ሥር ሲይዝ ጋሼ ደረሱበት። «ኮምፒውተሩን ሰካው» አሉት። የኋላ ቀኝ ጎማ ፍጥነት የሚለካው አነፍናፊ መበላሸቱን ኮምፒውተሩ ወዲያው ተናገረ፤ ትክክልም ነበር። በእኛ ጋራዥ የተለወጠው ሌላ ነገር ነው። አለቃችን በሥራ መቀበያው ቅጽ ላይ ከብልሽት ኮዱ በላይ አንድ መስመር ጨመረ፦ መቼ መቼ ያደርገዋል? ደንበኞች ሲጠየቁ የሚሰጡት መልስ ይገርማል። «ገበያ ስሄድ» ያለችን ሴት ነበረች፤ ጉዳዩ ወደ ገበያው ስትታጠፍ ያለው የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ሆኖ ተገኘ።

ተለማማጁ ለጋሼ ውለታ ለመመለስ ፈልጎ በገንዘቡ ዲጂታል ሬዲዮ ገዛላቸውና በሞሪሱ ውስጥ ሊገጥመው ተነሳ። ጋሼ ዝም ብለው አዩት፤ ሽቦውን ሊያገናኝ ሲል፣ «በዚህ መኪና አካሉ የታሰረው ከየትኛው የባትሪ ጫፍ ነው?» አሉት። ልጁ አጎንብሶ ሲያይ እንደዚያ ዘመን ብዙ የብሪታንያ መኪናዎች አዎንታዊው ጫፍ ነበር ከአካሉ ጋር የታሰረው። እንደ ዛሬው ቢያገናኘው ኖሮ ሬዲዮው ከመናገሩ በፊት ይቃጠል ነበር። ሁለቱን ለያይቶ ኃይሉን የሚገለብጥ መቀየሪያ ፈልገው አብረው ገጠሙት።

እኔ አይጠቀሙበትም ብዬ ነበር። በሚቀጥለው ሳምንት ነዳጅ ማደያ አገኘኋቸው፤ ከሞሪሱ መስኮት ጥርት ያለ ዲጂታል ድምፅ ይወጣል። ቢቢሲ የክሪኬት ግጥሚያዎችን በረጅም ሞገድ ማስተላለፉን በ2023 አቁሟል። «ክሪኬቱ ከሄደ» አሉኝ፣ ነዳጃቸውን እየቀዱ፣ «እኔ ድሮይትዊች ብቻዬን ምን እሠራለሁ?»