አሞራ ፍለጋ ከድሬ እስከ ባቢሌ

ሐረር ሄጄ ነበር ስል ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ ጅብ ነው። «ጅቡን አበላህ?» አላበላሁም። የሄድኩት ወፍ ለማየት ነው። ይሄን ስል ደግሞ ፊቴን አየት ያደርጉና ወሬ ይቀይራሉ። ለወፍ ብሎ ገንዘብና ዕረፍት ማጥፋት እኛ ዘንድ ገና አልተለመደም። ቢለመድ ግን ምሥራቁን ቀድሞ የሚጠራ ቦታ ያለ አይመስለኝም፤ በተለይ በመጋቢት። ከአውሮፓና ከእስያ ብርድ ሸሽተው የመጡት ወፎች ለመመለስ ጓዛቸውን የሚጠቀልሉት በመጋቢት ነው። የአገሩ ወፎች ደግሞ የበልግ ዝናብ ሲሸታቸው ጎጆ መሥራት ይጀምራሉ። ሂያጁንም ነባሩንም አንድ ላይ ታገኛቸዋለህ።

ድሬዳዋ ላይ ወፍ ማየት ከፀሐይ ጋር እሽቅድምድም ነው። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ካልወጣህ፣ 3 ሰዓት ላይ ወፉም አንተም ጥላ ፍለጋ ትገባላችሁ። አብሮኝ የዞረው ጓደኛዬ ተወልዶ ያደገው እዚያው ድሬ ነው። «አቦ ተኛ! ወፉ የትም አይሄድም!» እያለ ነው የተነሣልኝ።

የጀመርነው ከከዚራ ነው። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ድሬ ሲደርስ የሐረር ተራራ ስለከበደው እዚህ ታች ቀረ፤ ከተማዋም መጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ትባል ነበር። ያን ጊዜ የተቀየሰው ሰፈር እስከ ዛሬ ጥላ የጠገበ ነው። የድሬዳዋ ዛፉ ገና እዚህም እዚያም ነው ያበበው። ቁርስ ልንበላ ገብተን ፉል ስንጠብቅ፣ ከጠረጴዛችን በላይ ያለው ቅርንጫፍ ላይ አንድ ቢጫ ወፍ ጎጆ ሲሰፋ አገኘነው። ፊቱ ቡናማ ነው፣ ከድንቢጥ ትንሽ ይበልጣል። ከዘንባባ ቅጠል ቀጭን ክር ይሰነጥቃል፣ በእግሩ ጫፉን ይረግጣል፣ በምንቃሩ ያዞርና ይቋጥራል። መጀመሪያ ቀለበት ነው የሚሠራው። ከዚያ ቀለበቱ ውስጥ ቆሞ አንገቱ እስከደረሰበት ድረስ ጣሪያና ግድግዳውን ይጨምርበታል። ሴቷ መጥታ ገባች። ከውስጥ ሆና ሣሩን ጎተት ጎተት አደረገች። ወጣች፣ ሄደች። እሱ ክንፉን እያርገበገበ ተንጠልጥሎ ቀረ። ካልወደደችው አፍርሶ እንደገና መጀመሩ አይቀርም። ጓደኛዬ በጣም ነው ያዘነለት። «አቦ፣ እዚህም የቤት ጉዳይ ነው!»

ከቁርስ በኋላ ባጃጅ ይዘን በሽንሌ በኩል ከከተማ ወጣን። የመብራት መስመሩ ወደ ጅቡቲ የሚሄደው በዚህ በኩል ነው። እኔ የፈለግኩት ነጩን ጥንብ አንሳ ነው። ከሌሎቹ ጥንብ አንሶች ያንሳል። ገላው ነጭ፣ የክንፉ ዳር ጥቁር፣ ፊቱ ላባ የሌለው ቢጫ ቆዳ ነው። በዓለም ላይ ቁጥሩ እየተመናመነ ነው። ከቡልጋሪያ፣ ከቱርክና ከካውካሰስ በሺዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር በርሮ ይመጣና ብርዱን በአፋርና በምሥራቅ ኢትዮጵያ ቆላ ያሳልፋል። ሌሊት ረጃጅም የመብራት ማማዎች ላይ ያድራል። ጠዋት ወደ ቄራና ወደ ቆሻሻ መጣያ ይወርዳል። አንዱ ማማ ላይ ሰባት ሆነው አገኘናቸው። ሁለቱ ቡናማ ናቸው፤ ገና ያልነጡ ወጣቶች።

ፊቱ ቢጫ የሚሆነው ከከብት እበት ከሚያገኘው ንጥረ ነገር ነው። ለዚያ ብሎ እበት ይበላል። ይሄን ለጓደኛዬ ስነግረው ፉሉን ባሰበ ፊት አየኝ።

መብራትና አሞራ ግን ሁልጊዜ ተስማምተው አይኖሩም። ረጃጅሞቹ ማማዎች ብዙም አያሳስቡም፤ ሽቦውና ብረቱ ይራራቃሉ። ገዳዮቹ አጫጭሮቹ ናቸው። አሞራው ሲያርፍ ክንፉ ሽቦውንም ብረቱንም በአንድ ጊዜ ከነካ አለቀለት። በቀይ ባሕር ዳርቻ፣ ፖርት ሱዳን አጠገብ በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. የተዘረጋ አንድ መስመር ለአሥርት ዓመታት እነዚህን ጥንብ አንሶች ሲጨርስ ኖሮ የተቋረጠው በ2014 እ.ኤ.አ. ነው። ከቡልጋሪያ የተነሣ ወፍ እዚያ ሽቦ ላይ ሲቀር፣ እኛ ጋ የሚደርሰውም አገሩ የሚመለሰውም ያንሳል።

ባይኖኩላር ይዞ የመብራት መስመር ሥር መቆም ጥያቄ ማስነሣቱ አይቀርም። ተነሣም። የመጡት ሰዎች ኮስተር ብለው ነበር። ባይኖኩላሩን ሰጥቼ «ያንን ቢጫ ፊት ይመልከቱ» ከማለት የተሻለ ማስረጃ የለም። አንዱ ለረጅም ጊዜ ሲያይ ቆየና «እኛ እኮ ዶሮ ነው የሚያክለው ስንል ነበር» አለ። በዚያው ተለያየን።

ወደ ሐረር የሚወስደው ሚኒባስ የደንገጎን ዳገት ሲወጣ መስኮቱ አጠገብ ተቀመጥ። ድሬ ከባሕር ወለል በላይ 1200 ሜትር ገደማ ናት፤ ሐሮማያ ስትደርስ 2000 ግድም ነህ። ገደሉ ላይ የሚወጣውን ሙቅ አየር ተንተርሰው ትልልቅ ጥቁር ቡናማ ንስሮች ይዞራሉ። ክንፋቸውን አያንቀሳቅሱም። እነዚህ ከካዛኪስታንና ከሩሲያ ሜዳ የመጡ ናቸው። ባሕር ላይ ሙቅ አየር ስለማይነሣ ትልልቅ አሞሮች ባሕር ማቋረጥ አይወዱም። ስለዚህ በመኸር ሲመጡ ከየመን ወደ ጅቡቲ በጠባቡ የባብ ኤል መንደብ ወሽመጥ ይሻገራሉ። በ1987 እ.ኤ.አ. በዚያ ወቅት ጅቡቲ ላይ ወደ ሩብ ሚሊዮን የሚጠጉ አዳኝ አሞሮች ተቆጥረዋል። ሲመለሱ ግን ንስሮቹ በመጡበት አይሄዱም፤ ወደ ሰሜን ወጥተው በስዊዝ በኩል ነው የሚዞሩት። ሹፌሩ ኩርባው ላይ ቢያቆምልን ደስ ባለኝ። አላቆመም።

ሐሮማያ ሐይቅ የጉዞዬ ልብ ነበር። ይሄ ሐይቅ በ1990ዎቹ ዓ.ም. ማገባደጃ ጭራሽ ደርቆ ነበር። ለሐረር ከተማ ውኃ ይሳብበታል፣ ዙሪያው ያለው ጫትና ሽንኩርት በሞተር ይጠጣዋል፣ ከተራቆተው ኮረብታ ደለል ይገባበታል። ሐረርም ከድሬ በኩል፣ ከድሬ ጃራ፣ ውኃ እስኪመጣላት ብዙ ተጠማች። ከአሥር ዓመት በላይ ባዶ ሜዳ ሆኖ ከቆየ በኋላ ግን ውኃው ተመልሶ መጣ። አሁን ጀልባ አለ፣ ቅዳሜና እሑድ ሙሽራና ፎቶ አንሺ ይርመሰመስበታል።

እኛ የደረስነው በሥራ ቀን ስለነበር ዳርቻው ጭር ብሏል። ግንባሩ ነጭ የሆነ ጥቁር የውኃ ወፍ ሞልቷል፤ ከነጩ በላይ ሁለት ቀይ እብጠት አለው። እሱ የአገሩ ነው። ከሩቅ የመጡት ትንንሽ ይብራዎች ደግሞ መሐል ላይ ተሰብስበው አንገታቸውን ክንፋቸው ውስጥ ቀብረዋል። ረጃጅም ቀይ እግር ያላቸው ነጭና ጥቁር ወፎች ጭቃውን እየለቀሙ በአጠገባችን አለፉ። አንድ አዛውንት ከጫት ማሳቸው ወጥተው መጡ።

«አባባ፣ ሐይቁ ሲደርቅ ወፉ የት ሄደ?» አልኳቸው።

«እኔ ምን አውቄ። እኛ ከብት ነበር የምናሰማራበት።»

«ሲመለስስ?»

«ሲመለስማ ቀድሞን ያወቀው ወፉ ነው። ውኃው ገና ለእግር ሳይሞላ ይብራው መጣ። ሰው በኋላ ነው ያመነ።»

ከጀርባቸው የውኃ ሞተር እየተንደቀደቀ ነበር። የማን እንደሆነ አልጠየቅኩም። እኔም ምሳዬ ላይ ሽንኩርት አለ፣ ጓደኛዬም ከሰዓት በኋላ ጫት አለው።

አወዳይን ለወፍ ብለህ አትወርድባትም፤ ለጫት ነው። አለፍናት።

ሐረር። አሁን ወደ ክርክሬ ልምጣ። የሐረር ትልቁ ትርዒት ጅቡ አይደለም፣ የሥጋ ተራው አሞራ ነው። ጅቡ ማታ ነው፣ ይከፈልበታል፣ በመኪና መብራት ነው የምታየው። አሞራው በጠራራ ፀሐይ፣ በነፃ፣ ከአናትህ በላይ ነው። ከፈረስ መጋላ «መኪና ግርግር» በሚባለው መንገድ ቁልቁል ውረድ። የልብስ ሰፊዎቹ ሲንጀር ድምፅ ሲያልቅ ግድር መጋላ ትደርሳለህ። የሥጋ ተራው ጣሪያ ዳር ላይ ጭልፊቶች ተደርድረው ሻጩን ያያሉ። ሻጩም እነሱን ያያል። ቢላዋው ጅማት ላይ ሲያርፍ ሁሉም በአንድ ላይ ክብደታቸውን ወደ ፊት ያደርጋሉ።

አንዱ ሥጋ ሻጭ ቁራጭ ሰጠኝና «እጅህን ዘርጋ፣ ጣትህን ግን አታጥፍ» አለኝ። ዘረጋሁ። የመጣው ከፊት ለፊት ሳይሆን ከኋላ ነው። መጀመሪያ ንፋሱ ጆሮዬን ነካው፣ ቀጥሎ ላባ ጉንጬን ገረፈኝ፣ ከዚያ ሥጋው የለም። መዳፌ ላይ ጭረት እንኳ አልተወም። ያየሁት ጭራውን ብቻ ነው። ጫፉ ላይ የተሰነጠቀውን ጭራ መሪ እንደያዘ የፔጆ 404 ታክሲ ሹፌር በአንዴ ጠምዝዞ፣ በሁለት ግድግዳ መሐል ወጣ። ሥጋውን አየር ላይ እንዳለ ከእግሩ ወደ ምንቃሩ አስተላልፎ ዋጠው።

ረጋ ብለህ ካየህ ሁለት ዓይነት ናቸው። ምንቃሩ ቢጫ የሆነው የአፍሪካ ነው። ምንቃሩ ጥቁር የሆነው የሰሜን እንግዳ ነው፤ በመጋቢት መመለሻው ነው። አንድ ጣሪያ ላይ፣ ለአንድ አንጀት ነው የሚጣሉት። ሻጩን ለየተው ያውቁ እንደሆነ ጠየቅኩት። «ሁሉም ሌባ ነው» አለኝ፣ ግን ጥሩ ጥሩውን ቁራጭ ሲጥልላቸው ነበር።

በማግስቱ ወደ ባቢሌ ስንወርድ ኤረር ሸለቆ ላይ ወረድን። ሙቀቱ ሌላ ነው፣ ግራሩ ሌላ ነው። በዚህ በኩል ያለው የባቢሌ የዝሆን መጠለያ በ1962 ዓ.ም. የተቋቋመ ነው፤ ዝሆን ግን አላየንም፣ አልፈለግንምም። ምንቃሩ ረጅም ቀይ ጎባጣ የሆነ ወፍ ከግንድ ቀዳዳ ፊት ሲመላለስ አገኘን። ሴቷ ውስጥ ናት። እንቁላሏን ልትታቀፍ ስትገባ ቀዳዳው በጭቃ ይዘጋል፤ ለምንቃሯ የምትበቃ ስንጥቅ ብቻ ትቀራለች። ምግብ የሚያቀብላት እሱ ነው። አንድ ፌንጣ አቀበላት፣ ሄደ፣ ሌላ ይዞ መጣ።

እዚህ የመጣሁት ግን ለሌላ ነው። ሳልቫዶሪ የሚባል ጣሊያናዊ በ1896 እ.ኤ.አ. ለሳይንስ ያስተዋወቃት፣ ጉሮሮዋ ቢጫ የሆነ ግራጫ ትንሽ ወፍ አለች። በዓለም ላይ ያለችው በደቡብና በምሥራቅ ኢትዮጵያ ብቻ ነው። ድንጋይ ለድንጋይ ስንዞር ረፈደ። መጨረሻ ላይ ከአንድ ቁጥቋጦ ሁለት ወፎች ብር ብለው ወደ ገደሉ ወረዱ። «ቢጫ! አየሁት ቢጫውን!» አለ ጓደኛዬ። እኔ ያየሁት ጀርባ ነው። ደብተሬ ላይ የጥያቄ ምልክት አድርጌ ጻፍኳት። እሱ ተቆጣ። ባቢሌ ለውዝ እስክንገዛ ድረስ ተከራከርን።

ሚኒባስ ውስጥ ጎኑ ለተቀመጡት እናት ለውዝ እያካፈለ «እማማ፣ ከኢትዮጵያ ውጪ የትም የሌለ ወፍ አየሁ ዛሬ» ሲላቸው ሰማሁት።

«ይበላል?» አሉት።