ነጭ ግድግዳ ሰለቸኝ

እኔ እኮ ይሄ ባዶ ቤት ነው የሚያምረው የሚሉት ነገር በጭራሽ አይገባኝም፣ ቤት ነው ወይስ የሆስፒታል ኮሪደር? ማክሲማሊዝም (ቤትን በከለር፣ በጥለትና በዕቃ ሞላ አድርጎ ማስዋብ) ግን ያገኙትን ሁሉ መከመር አይደለም እሺ። ዋናው ከለር መደጋገም ነው፣ ትራሱ ላይ ያለው ደማቅ ቢጫ ስዕሉ ጥግ ላይ ትንሽ ብቅ ካለ፣ ከዛ ምንጣፉ ጠርዝ ላይ ደግሞ ከታየ አይን ራሱ ያገናኘዋል፣ የተዝረከረከ አይመስልም። ጥለት ስትቀላቅሉ መጠኑ ይለያይ፣ አንዱ ትልልቅ አበባ ከሆነ ሌላው ቀጭን መስመር፣ ሁሉም ትልልቅ ከሆነ ይጣላሉ።

የእንግሊዛዊውን ዲዛይነር የዊልያም ሞሪስን የ1883 (እ.ኤ.አ.) የጨርቅ ዲዛይን ፈልጋችሁ እዩት፣ ወፎቹ እንጆሪ እየሰረቁ፣ ቅጠሉ በቅጠል ላይ፣ ባዶ ቦታ የሚባል የለም፣ ግን ግራና ቀኙ እኩል ስለሆነ አይረብሽም። እኔ በጣም ነው የምወደው!

ፍሬሞች ከመስቀላችሁ በፊት መሬት ላይ ደርድሯቸው፣ በመሃላቸው ከ5 እስከ 8 ሴንቲሜትር ይበቃል። መብራት ደግሞ ከኮርኒሱ ብቻ አይሁን፣ ጥግ ጥግ ላይ 2700 ኬልቪን የሚል ሞቅ ያለ አምፖል አድርጉ፣ ቀዝቃዛ ነጭ መብራት ያንን ሁሉ ከለር ይገድለዋል። አቧራው? እሱማ አለ፣ አልዋሽም 😅