ያልገባውን ጭምር የሚያደርስ ስልክ

አዳማ ፍራንኮ አካባቢ በአንድ መስመር ለተደረደሩ የባጃጅ መለዋወጫ ሱቆች አፕ ሠርቻለሁ። መረጃውን መሃል ላይ የሚይዝ ኮምፒውተር (ሰርቨር) የለውም፤ ስልኮቹ እርስ በርሳቸው በዋይፋይ ይገናኙና የትኛው ሱቅ ምን ዕቃ እንዳለው ይቀባበላሉ።

የመጀመሪያው ቨርዥን የሚይዘው የዕቃ ስምና ብዛት ብቻ ነበር። በሁለተኛው ዋጋ ጨመርኩ። ሳምንት ሳይሞላ አንድ ጋሼ የምላቸው ባለሱቅ ጠሩኝ። «ልጄ፣ እኔ ዋጋውን ጽፌ ልኬያለሁ፤ ጥግ ላይ ያለው ልጅ ግን አልደረሰኝም ይላል» አሉ። ሁለቱም አዲሱን ጭነዋል። ችግሩ የተገኘው መሃላቸው ካለው ሱቅ ነው። የዚያ ስልክ አሮጌው ቨርዥን ስለሆነ የሚያውቀውን ስምና ብዛት አንብቦ፣ መልእክቱን እንደገና ጽፎ ያስተላልፋል። ዋጋው እዚያው ይቀራል።

ቸኩዬ አሮጌዎቹን የሚያቋርጥ ኮድ ለቀቅኩ። ባሰበት። ስልኮቹ ምንም ሳይናገሩ ተለያዩ፤ ባለሱቆቹ ጎረቤታቸው ሱቁን የዘጋ መሰላቸው። ደግሞ አፕዴት ያላደረገ ሰው ቸልተኛ ነው ማለት አይደለም። ዳታ ገንዘብ ነው፤ ብዙዎቹ አፑን ያገኙት ከጓደኛ በዜንደር ነው።

ሦስተኛውን እንደገና አሰብኩበት። ስልኮቹ ሲገናኙ አስቀድመው የቨርዥን ቁጥራቸውንና የሚችሉትን ይነጋገራሉ። ሰዎች ፋይል በቀጥታ የሚለዋወጡበት ቢትቶረንት ለዚህ ብሎ በመጀመሪያው ሰላምታ ውስጥ 8 ባይት ባዶ ትቷል፤ እኔም ቦታ ተውኩ። ስልኩ ያልገባውን መረጃ ሳይነካ እንዲያሳልፍ አደረግኩ። ይህ ጉዳይ ትልልቆቹንም አስቸግሯል፦ ፕሮግራሞች የሚላላኩትን መረጃ የሚያሽገው የጉግል ፕሮቶኮል በፈር ሦስተኛው ትውልድ መጀመሪያ የማያውቀውን ይጥል ነበር፤ በ2017 እ.ኤ.አ. በወጣው 3.5 ግን ማቆየት ጀመረ። ዋጋ ያለው መዝገብም ዋጋ በሌለው ቅጂ እንዳይተካ ከለከልኩ።

የቀረው የመጀመሪያውን ቨርዥን ለያዙት መንገር ነበር። ያ ስልክ ከዕቃ ስም በቀር ሌላ ጽሑፍ ማሳየት አይችልም። ስለዚህ ማሳሰቢያውን በዕቃ ስም መልክ ላክሁለት፤ ከዝርዝሩ አናት ላይ «አዲስ አፕ አለ፣ ከጎረቤትዎ ይቀበሉ» የሚል ይነበባል። አዲሶቹ ስልኮች ይህን መስመር ያውቁታል፤ ወደ ሌላ አያሳልፉትም። ፋይሉ ከጎረቤት ስልክ ቢመጣም አያሰጋም፤ እኔ ብቻ በያዝኩት ዲጂታል ቁልፍ ካልተፈረመ አንድሮይድ በነባሩ ላይ አይጭነውም።

ሁለት ሱቆች አሁንም በመጀመሪያው ላይ ናቸው። የአንደኛው ስልክ ሞልቶ አዲሱን አልቀበል ብሏል። ስምና ብዛት ግን ይደርሰዋል።