የአጥቢያችን ወሬ ለዳር ጎጡም እኩል እንዲደርስ የሠራነው ሥራ

መንዝ ውስጥ ወሬ ጠፋ የሚል ሰው አገሩን አያውቅም። ገበያ አለ፣ ሰንበቴ አለ፣ የጽዋ ማኅበር አለ፣ ወፍጮ ቤት አለ፣ ምንጭ ዳር ጀሪካን ደርድረው ተራ የሚጠብቁ አሉ። ወሬ ሞልቷል፤ ለሁሉ እኩል አይደርስም እንጂ። ቤቱ ከቤተ ክርስቲያኑ ሥር ያለ ሰው ማዳበሪያ መግባቱን በዕለቱ ይሰማል። ገደል አፋፍ ካለው ጎጥ ያለች ባሏ የሞተባት ሴት ግን የምትሰማው ማዳበሪያው ተከፋፍሎ ካለቀ በኋላ ነው። ሰነፍ ሆና አይደለም፤ የሚነግራት አጥታ ነው። እንዲህ ዓይነቱን ነገር ደጋግሜ በማየቴ የአጥቢያችንን የወሬ ሰሌዳ ለማቆም ተነሣሁ።

በመንዝ ጌራ ምድር ወረዳ፣ ከመሐል ሜዳ ወጣ ባለች አንዲት የገጠር ሚካኤል አጥቢያ የአንደኛ ደረጃ መምህር ነኝ። ተማሪዎቼ ከየጎጡ ስለሚመጡ የየትኛው ጎጥ ሰው ምን እንደሰማ፣ ምን እንዳልሰማ ከልጆቹ አፍ አውቃለሁ። የአንዱ ጎጥ ልጆች ሁሉ ለክትባት ሲሄዱ የሌላው ጎጥ ልጆች ቀኑን ጭራሽ ሳያውቁት ይቀራሉ።

መጀመሪያ የሞከርነው ቴሌግራም ነበር። የሰንበት ትምህርት ቤቱ ወጣቶች ከፈቱት፤ ደብረ ብርሃንና አዲስ አበባ ያሉ የአጥቢያው ልጆችም ወደዱት። አገር ቤት ግን ኢንተርኔት የሚከፍት ስልክ ያለው ጥቂቱ ወጣት ብቻ ነው። ያም ጥቂት ወጣት ቢሆን በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ እንደሌላው ሰው ሆነ። ያኔ ነው ወደ ወረቀትና ማርከር የዞርነው።

አስቀድሜ የሄድኩት ወደ ሰበካ ጉባኤው ነው። በቃለ ዓዋዲው መሠረት ሰበካ ጉባኤ ከካህናት፣ ከምእመናንና ከሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች የተውጣጣ ስለሆነ እዚያ የተስማሙበት ነገር የማንም የግል ነገር አይሆንም። በገጠር አንድ ሰው ብቻውን የሚለጥፈው ወረቀት የዚያ ሰው ወገን ተደርጎ ይታያል፤ ቢያወድስ አድልቷል፣ ዝም ቢል ቂም ይዟል ይባላል። አስተዳዳሪው አባታችን ነገሩ የሐሜት ማሰራጫ እንዳይሆን ሠጉ። አንድ አዛውንት የጉባኤው አባል ደግሞ ዛሬም ድረስ የማልረሳውን ተናገሩ፦ «መምህር፣ በአፍ የተነገረ ወሬ ቢሳሳት ነገ ይቃናል። የተጻፈ ግን ይዞህ ይሟገታል።» ስለዚህ ደንቡ ከሰሌዳው ቀደመ። ወረቀቱ ከመለጠፉ በፊት አንድ ካህን፣ ከሰንበቴው አንዲት እናትና አንድ ወጣት ያዩታል። ከሦስቱ አንዱ እንኳ «ይቆይ» ካለ ይቆያል። ባለቤቱ አፉን ሞልቶ ያላረጋገጠው ነገር አይጻፍም። የጸጥታ ወሬ፣ ማን የት ታየ፣ መንገዱ ላይ ማን አለ የሚባለው፣ ከነጭራሹ አይነካም። ይህ የመጨረሻው ከሁሉም ያለክርክር ያለፈው ነው፤ ሁሉም ሰው ለምን እንደሆነ ያውቃል።

ሰሌዳውን የት እንትከል የሚለው ጥያቄ ካሰብኩት በላይ አነጋገረን። ወጣቶቹ ቅጽሩ ውስጥ፣ ደጀ ሰላሙ አጠገብ ይሁን አሉ፤ ሰው የሚሰበሰበው እዚያ ነውና። ይህን የለወጠችው የሰንበቴዋ እናት ናት። «የወር አበባ ላይ ያለችው ከደጅ ቆማ ነው የምታስቀድስ። አራሷስ? ወንድ ብትወልድ 40 ቀን፣ ሴት ብትወልድ 80 ቀን ቤተ ክርስቲያን አትገባ። የክትባቱን ቀን ከአራስ በላይ ማን ይፈልገዋል?» አለች። ማንም መልስ አልነበረውም። ሰሌዳው ከዋናው በር ውጭ፣ መንገደኛውም ሆነ ከደጅ የሚሳለመው እኩል በሚያየው ቦታ ቆመ። ከባሕር ዛፍ ነው የተሠራው፣ ክዳኑ ቆርቆሮ ነው፣ ፊቱ ላይ ፕላስቲክ ይወጠራል። የመንዝን የነሐሴ ጉም የሚያውቅ ሰው ፕላስቲኩ ለምን እንዳስፈለገ አይጠይቀኝም፤ ማርከር በርጥበት ይፈሳል፣ እስክሪብቶ ደግሞ ለዓይነ ደካማ አይታይም።

ሰሌዳው ግን ግማሹ ሥራ ነው። ከአዋቂዎቻችን ማንበብ የማይችለው ብዙ ነው። ስለዚህ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሕዝቡ ሳይበተን፣ አንዲት የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ወረቀቱን ጮክ ብላ ታነባለች። ልጅቱን የመረጥናት ድምፅዋ ስለሚሰማ ብቻ አልነበረም። ትልቅ ሰው ሲያነብ ከራሱ ይጨምራል፤ ልጅ የተጻፈውን ታነባለች። ለጆሮ መጻፍ ምን ያህል የተለየ እንደሆነ የተማርኩትም ከእሷ ንባብ ነው። ረጅም ዓረፍተ ነገር ስጽፍ ትንፋሽ ያጥራታል፤ ሰሚውም መሐል ላይ ይጠፋል። «የእንስሳት ክትባት ጥር 13 ይሰጣል» ብሎ መጻፍ ለእኔ ግልጽ ነው፤ ሕዝቡ ጋ ግን 13 ብቻውን አይያዝም። «የሚካኤል ማግስት» ሲባል ግን ማንም አይረሳውም። ከዚያ ወዲህ ቀኑን በቁጥርም በታቦትም እንጽፋለን፦ የአቦ ዕለት፣ የማርያም ዋዜማ፣ የባልወልድ ማግስት። ቁጥሩ ለአንባቢው ነው፣ ታቦቱ ለሰሚው።

ለዳር ጎጦች ደግሞ ከየጎጡ አንድ አንድ ተማሪ በግማሽ ገጽ ላይ ገልብጦ ይወስዳል። እዚያ ለአንድ ቤት ያደርሳል፤ ያ ቤት ለጎረቤቱ ይናገራል። ያቺ የገደል አፋፉ ሴት የጤና መድን እድሳት ቀን ሳያልፍባት ደብተሯን ይዛ ቀበሌ የሄደችው በዚህ መንገድ ነው።

የጊዜ ነገር ምን ያህል እንደሚከብድ የጓሳ ሣር ያሳያል። ጓሳ ከ3,200 ሜትር በላይ የሚገኝ፣ ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሰፋ፣ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ የሚኖሩበት ደጋ ነው። የአስቦና የጌራ ባለርስቶች ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ለዓመታት እየዘጉ፣ በቀጠሮ እየከፈቱ አቆይተውታል። በ1967 ዓ.ም. በታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ርስት ሲቀር ያ ሥርዓት ፈረሰ፤ ኋላ ማኅበረሰቡ የራሱን ደንብ አውጥቶ ጥበቃውን መልሶ አቆመ። ሣሩ ቤት ይከድናል፣ ገመድ ይሆናል፣ ተሽጦ ጨውና ዘይት ይገዛል። አጨዳው ሲከፈት ቀድሞ የሰማ ረጅሙን ያጭዳል፣ ዘግይቶ የሰማ የተረፈውን ይለቅማል። ደንቡ ለሁሉም እኩል ነው፤ ወሬው እኩል ካልደረሰ ግን የደንቡ እኩልነት ምን ይሠራል?

አሁን ስለ ሞት ልናገር፤ ይህ የሥራው ከባዱ ክፍል ነውና። ወጣቶቹ የሞተ ሰው ስም ወዲያው ይጻፍ፣ ቀባሪ እንዲደርስ ነው አሉ። የአጥቢያው ሰው እዚሁ ሲሞት ይህ ችግር የለውም፤ የዕድሩ ጥሩምባ ነፊ ከአፋፍ ላይ ይነፋል፣ አገር ይሰማል። ችግሩ ልጅ አዲስ አበባ ሲሞት፣ ወይም ወንድም ከሩቅ አገር ሲቀር ነው። ያ ወሬ መርዶ ነው፤ መርዶም ሥርዓት አለው። ሽማግሌዎች ይመካከራሉ፣ ቅርብ ዘመድ በድብቅ ይጠራል፣ ልቧ ደካማ የሆነች እናት ካለች አጠገቧ የሚሆን ሰው ይመደባል፣ ማለዳ ገና ሳይነጋ ወደ ቤቱ ይኬዳል። እስከዚያ ድረስ አገር ያወቀውን ባለሐዘኗ አታውቅም፤ ይህም ለእሷ ከማሰብ ነው። እኒያ አዛውንት እንዲህ አሉ፦ «ሰው የልጁን ሞት ከእንጨት ላይ አያነብም።» ስለዚህ መርዶው ተነግሮ፣ ልቅሶው ተቀምጦ ሳያበቃ ስም አይጻፍም። ከዚያ በኋላ የምንጽፈው የ40 ቀኑን ተዝካር ቀን ነው። የሞቱን ምክንያት በፍጹም አንጽፍም። አንዳንድ የከተማ ልጆች ይህን መዘግየት ኋላቀርነት ሲሉት ሰምቻለሁ። እኔ በዚህ አልስማማም። ፍጥነት ለማዳበሪያ ነው የሚያስፈልገው፤ ሐዘን የሚደርሰው በሰው እጅ ነው።

እርዳታ ስንጠራም እንዲሁ ለሰው ክብር መጠንቀቅ አለ። ባል የታመመባት ሴት ገብሷ ደርሶ አጫጅ ብታጣ፣ «እገሊት ተቸግራለች» ተብሎ ቢለጠፍ በሕይወቷ ሙሉ አትረሳውም። ስለዚህ የምንጽፈው ከጠሪው ወገን ነው፦ «ዕድሩ በላይኛው ጎጥ የገብስ አጨዳ ደቦ ጠርቷል፤ የአቦ ማግስት፤ ማጭድ ይዛችሁ ኑ።» ማሳው የማን እንደሆነ የሚመጣው ሰው ያውቀዋል። ሳይነገረው እንደሚያውቅም ባለማሳዋ ታውቃለች።

የጠፋ ከብት ማስታወቂያ ከሁሉ የበለጠ ሰው የሚሰበስብ ነው። እዚህ ላይ ለጀማሪ የምመክረው አንድ ነገር አለ፦ የተገኘ በግ ስትጽፉ ቀለሙን ጻፉ፣ የተገኘበትን ቦታ ጻፉ፣ የጆሮውን ምልክት ግን አትጻፉ። እሱን የእኔ ነው የሚል ይናገር። ይህን ያስተማሩን የቀበሌው ሽማግሌዎች ናቸው፤ በዚህ ምክንያት ብቻ ስንት ጠብ ሳይነሣ እንደቀረ እነሱ ያውቃሉ።

ስለ ገንዘብ ብዙ አልልም፤ ውጤቱ ራሱ ይናገራል። ሙዳየ ምጽዋቱ ሲቆጠር፣ ስእለት ሲገባ፣ ጧፍና እጣን ሲገዛ ገንዘብ ያዡ ገቢና ወጪውን ለይቶ ይሰጠናል፤ እንለጥፈዋለን፣ ይነበባል። የቤተ ክርስቲያኑ ክዳን መታደስ ሲኖርበት ገንዘብ የሌለው ገብስና ባቄላ በቁና አመጣ፤ ቁናውም ከብሩ እኩል ተጻፈ። የገባውን የሚያይ ሰው ለመስጠት አያመነታም። ከዚያ በፊት «የት ይገባል?» ሲሉ የነበሩ ሰዎች ቆርቆሮውን ተሸክመው ሲወጡ አይቻለሁ።

እስካሁን ያልተስማማንበት አንድ ጉዳይ አለ። ከጉባኤው አንዳንዶች መዋጮ ያልከፈሉ ሰዎች ስም ይለጠፍ ይላሉ፤ ሌላ ቦታ ተደርጎ ገንዘቡ ቶሎ ገብቷል ነው ክርክራቸው። እኔ እቃወማለሁ፣ የሰንበቴዋ እናትም ትቃወማለች። ሰው ሰሌዳው ፊት የሚቆመው ስለማይፈራ ነው። ስሙን እዚያ ሊያይ የሚሠጋ ሰው በሌላ በር መግባት ይጀምራል፤ ያኔ የክትባቱንም የማዳበሪያውንም ቀን ያጣል። አስተዳዳሪው አባታችን ለጊዜው «ይቆይ» ብለዋል፣ በደንቡም መሠረት ቆይቷል። በሚቀጥለው ጉባኤ እንደገና ይነሣል፤ የምናገረውን አዘጋጅቻለሁ።

ሌላው ሐሳባችን የአንባቢ ነገር ነው። ስምንተኛ ክፍል የጨረሰ ልጅ ዘጠነኛን ለመማር መሐል ሜዳ ይወርዳል፤ ያቺ የመጀመሪያዋ አንባቢያችንም ሄዳለች። ከዚህ በኋላ አንድ አንባቢ ሲነሣ ከሥሩ አንድ የአምስተኛ ወይም የስድስተኛ ክፍል ልጅ አብሮ ይቆማል፤ ወረቀቱን ይይዝለታል፣ የጎጥ ቅጂዎቹን ይገለብጣል፣ ትልቁ ሲታመም ያነባል። ዘንድሮ ከሥር ያሉት ሁለቱም ከገደል አፋፉ ጎጥ የመጡ ናቸው።