ጉሙ እስኪገለጥ

ሌሊት 10 ሰዓት ከአዲስ አበባ ተነሥተን ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ጎሃ ጽዮን ስንደርስ የአባይ በረሃ በጉም ተደፍኖ ጠበቀን። መንገዱ ሃያ እርምጃ ያህል ይታይና ይጠፋል። ሾፌሩ ሚኒባሱን ዳር አስይዞ ሞተሩን አጠፋ።

ተሳፋሪው ማጉረምረም ጀመረ። ደጀን ለቀብር የሚሄዱ አንዲት ባልቴት፣ «ልጄ፣ አፈር ሳላለብሰው ሊቀር ነው» ብለው ለመኑት። «እናቴ፣ የማላየውን ቁልቁለት አልወርድም» አላቸውና ጋቢውን ተከናንቦ የመኪናው ደረጃ ላይ ተቀመጠ።

እኔም በሆዴ ተቆጣሁ። ደብረ ማርቆስ አማቴ ለምሳ እየጠበቁን ነው። ለአንድ ብርጭቆ ሻይ 60 ብር ስንጠየቅ ደግሞ ባሰብኝ፤ መሄጃ ያጣ መንገደኛን መግፈፍ የትም አገር ያናድደኛል። ቁጣዬ የበረደው ትንሿ ልጄ ጭኔ ላይ እንቅልፍ ሲወስዳት ነው።

የምንኖረው አሜሪካ፣ ዴንቨር ነው። የግል አብራሪነት ፈቃድ ስላለኝ ቅዳሜ ቅዳሜ ሴስና 172 የምትባል ትንሽ አውሮፕላን ተከራይቼ ቤተሰቤን አሳፍራለሁ። አነስተኛ አውሮፕላን ከትልልቆቹ የመንገደኞች አውሮፕላኖች እጅግ የበለጠ አደገኛ መሆኑን አልክድም። ነገር ግን ብዙውን አደጋ የሚያመጣው የሞተር ብልሽት ሳይሆን የአብራሪው ውሳኔ ነው፤ ነዳጁን በወጉ ሳይለካ ይነሣል፣ ከልክ በላይ ይጭናል፣ በዓይኑ እያየ መብረር ብቻ ተምሮ ደመና ውስጥ ይገባል። ደመና ውስጥ ሚዛናችንን የሚጠብቀው የውስጥ ጆሮ ይዋሻል፤ አውሮፕላኑ እየተጠማዘዘ ሲወርድ ሰውየው ቀጥ ብሎ የሚበር ይመስለዋል። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት የኬኔዲ ልጅ፣ ጆን ኤፍ ኬኔዲ ጁኒየር፣ እ.ኤ.አ. በ1999 ራሱ እያበረረ ሚስቱንና እህቷን እንደያዘ ባሕር ውስጥ የወደቀው ጭጋጋማ በሆነ ሌሊት አቅጣጫ ጠፍቶበት ነው። ሞተሩ እየሠራ ነበር።

ጉሙ 5 ሰዓት ላይ ተገለጠ። ቁልቁለቱን፣ ድልድዩንና የደጀንን አቀበት እንዴት እንዳለፍን አላስታውስም፤ ተኝቻለሁ።

ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ዴንቨርን በ800 ሜትር ያህል ትበልጣለች። የኔዋ ሴስና እዚህ ብትመጣ አየሩ ስለሚሳሳ ሞተሯ የጉልበቱን ሩብ ያህል ያጣል። አራታችንን ከነሻንጣችን ጭና ለመነሣት ምን ያህል ሜዳ እንደሚያስፈልጋት በዓይኔ እየለካሁ ከተማ ገባን።

አማቴ በር ላይ ቆመው ነበር። ዶሮ ወጡ ቀዝቅዟል። አንዲት የወቀሳ ቃል ሳይወጣቸው «እንኳን በደህና ገባችሁ፤ ወጥ እንደሆነ ይሞቃል» ብለው ልጆቹን አቀፏቸው።

ማታ ባለቤቴ፣ «አንተ ብትሆን ኖሮ ትጠብቅ ነበር?» አለችኝ።

ባለፈው ዓመት ወንድሜ ቤት ግብዣ ነበረ። እሷ በመኪና ቀድማን ሄዳ ነበር፤ እኔ ልጆቹን ይዤ በአየር ተከተልኩ። ደመናው ዝቅ እያለ ሲመጣ፣ እየጠበቀችን ነው ብዬ ከሥሩ ሾልኬ አለፍኩ። የኮረብታዎቹ ዛፎች ቅርንጫፋቸው ሳይቀር ይታየኝ ነበር። እስከዚያች ማታ ድረስ ደብቄያት ነበር፤ ነገርኳት።

ረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ፣ «ከእንግዲህ እንመለስ ካልኩህ ትመለሳለህ፤ ለምን ብለህ አትጠይቀኝም» አለችኝ።

«እሺ» አልኳት።