የፆታ ሆርሞን በሜላኖማ ሴሎች ላይ፦ ሙከራውን እንዴት ሠራሁት

ሜላኖማ የተባለው የቆዳ ካንሰር የያዛቸው ሴቶች ከወንዶች የተሻለ የመትረፍ ዕድል አላቸው። ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ምክንያት ወንዶች ዘግይተው መመርመራቸው ነው፤ ዕጢው እኩል ውፍረት ያላቸው ሲነጻጸሩም ግን ልዩነቱ ጨርሶ አይጠፋም። ሆርሞን እጁ ይኖርበት ይሆን? ይህን በሴል ደረጃ ማየት ፈለግሁ።

ሁለት የሰው ሜላኖማ ሴል መስመሮችን፣ ማለትም ከአንድ ታማሚ ተወስደው በላብራቶሪ የሚራቡ ሴሎችን፣ መረጥሁ፤ ከሴት የተገኘውን ኤ375 እና ከወንድ የተገኘውን ኤስኬ-ሜል-28። ሁለቱም የሴል እድገትን በሚመራው ቢራፍ በተባለ ጂን ላይ አንድ ዓይነት ለውጥ አላቸው። ሁለት መስመር ብቻ ይዞ ግን ስለ ሴትና ወንድ መደምደም አይቻልም።

አብዛኛው ድካም ሆርሞን ከመጨመር በፊት ያለው ነው። ሴሎቹ የሚያድጉበት ፈሳሽ ራሱ ከሆርሞን የጸዳ አይደለም። የአሲድነት መጠን እንዲያሳይ የሚገባበት ፌኖል ሬድ የተባለው ቀለም እንደ ደካማ ኢስትሮጅን (የሴት ፆታ ሆርሞን) ሊሠራ እንደሚችል በ1986 በጡት ካንሰር ሴሎች ላይ ታይቷል። ለሴሎቹ ምግብ የሚሆነው፣ ከጥጃ ፅንስ ደም የሚገኘው ሴረም የተባለ ፈሳሽም የራሱ ስቴሮይድ ሆርሞኖች አሉት። ስለዚህ ቀለም የሌለው ፈሳሽና በከሰል የተጣራ ሴረም ተጠቀምሁ። ከሰሉ ግን ሆርሞኑን ብቻ መርጦ አይወስድም፤ ሌሎች ጠቃሚ ነገሮችንም ስለሚያስቀር ሴሎቹ ይዳከማሉ። በተጣራ ሴረም ያደገውን ባልተጣራ ካደገው ጋር ማወዳደር ዋጋ የለውም። ሆርሞኑ የሚሟሟው በኤታኖል ስለሆነ ሆርሞን ላልተሰጣቸው ሴሎችም ያንኑ ያህል ኤታኖል ጨመርሁ፤ መጠኑ ከ0.1 በመቶ አላለፈም።

መጠንን በተመለከተ ጠንካራ አቋም አለኝ። ዋናው ኢስትሮጅን ኢስትራዲዮል በደም ውስጥ የሚለካው ናኖሞላር በተባለ በጣም ትንሽ የክምችት መለኪያ ወይም ከዚያ ባነሰ ነው። ሺህ እጥፍ በሚበልጠው በማይክሮሞላር ከሰጡት ሴሎቹን ይጎዳል፤ ያ መመረዝ እንጂ የሆርሞን ሥራ አይደለም። ከ0.1 ጀምሬ በአሥር እጥፍ እያሳደግሁ 10 ናኖሞላር ላይ አቆምሁ። የወንድ ፆታ ሆርሞኑ ቴስቶስቴሮን ደግሞ አሮማቴዝ በተባለው ኢንዛይም ወደ ኢስትራዲዮል ሊለወጥ ስለሚችል፣ ወደዚያ የማይለወጠውን ሌላ የወንድ ሆርሞን፣ ዳይሃይድሮቴስቶስቴሮንን፣ ጎን ለጎን ፈተንሁ። እድገቱንም ሕያው ሴሎች መልኩን በሚለውጡት የመለኪያ ቀለም ብቻ አልለካሁም። ቀለሙ የሚያሳየው ሴሎቹ ምን ያህል እንደሚሠሩ እንጂ ስንት እንደሆኑ ስላልሆነ ቆጠርኋቸው፤ አሰልቺ ነው፣ ግን ይሻላል።

ኢስትራዲዮል ያመጣው ለውጥ ትንሽ ነበር። ጂፐር የተባለውን፣ በሴል ሽፋኖች ላይ የሚገኘውን የኢስትሮጅን ተቀባይ (ሆርሞኑ የሚያያዝበትን ፕሮቲን) ነጥሎ የሚያነቃው ጂ-1 የተባለ ውሑድ ግን እድገቱን በግልጽ ቀነሰው። የጡት ካንሰር መድኃኒቱን ታሞክሲፈንን እንደ ኢስትሮጅን ማገጃ ያልተጠቀምሁትም ለዚህ ነው፤ አንዱን የኢስትሮጅን ተቀባይ ሲዘጋ ጂፐርን ያነቃል።

ቴስቶስቴሮን በተቃራኒው እድገትን ገፋ፣ የአንድሮጅን (የወንድ ሆርሞን) ተቀባይን የሚዘጋው ባይካሉታማይድ የተባለ መድኃኒት ሲጨመርም ግፊቱ ቆመ። ይህን አይቶ የአንድሮጅን ተቀባዩ ሥራ ነው ማለት ይቀናል። ነገር ግን ቴስቶስቴሮን ዚፕ9 በተባለው ዚንክ አስተላላፊ ፕሮቲን በኩልም ሜላኖማን ሊያሳድግ ይችላል፤ ባይካሉታማይድ ያንንም ይዘጋል። ሁለቱን የሚለያቸው መድኃኒት ሳይሆን የየፕሮቲኑን ጂን በተራ ዝም ማሰኘት ነው። ቀጣዩ ሥራዬም እሱ ነው።