ገና እሳት አላየችም

ዛሬ በቻይናዋ የሸክላ ከተማ ጂንግደዠን ውስጥ ስኒ ልገዛ ወጥቼ፣ አንዲት ጠባብ ወርክሾፕ በር ላይ ሃያ ደቂቃ ተገትሬ ቀረሁ።

ውስጥ አንዲት አሮጊት ግድግዳ ላይ በሚሰቀል ነጭ የፖርሴሊን (ስኒ የሚሠራበት ሸክላ) ሰሌዳ ላይ ሴት ይስላሉ። ማራገቢያ የያዘች፣ አንገቷን ሰበር ያደረገች ወይዘሮ። ከጆሮዋ ሥር ያለውን ፀጉር አንድ በአንድ ነው የሚያወርዱት። ብሩሹ ጫፍ ላይ ያለው ጸጉር ሦስት ወይ አራት ቢሆን ነው። እያንዳንዷን መስመር ሲስቡ ትንፋሻቸውን ይይዛሉ። እኔም አብሬ ያዝኩ። (ጉንፋን ይዞኝ ነበር፤ አሳሬን አየሁ።)

ቀሚሷ ግን ደብዝዞብኛል። በተሰባበረ ቻይንኛዬ «ቀለሙ እንዲህ ነው የሚቀረው?» አልኳቸው። ሳቁ። «ገና እሳት አላየችም» አሉኝ።

ለካ ሰሌዳው መጀመሪያ በ1300 ዲግሪ ገደማ ይተኮሳል፤ ከተሳለ በኋላ ደግሞ በ800 ዲግሪ አካባቢ እንደገና ምድጃ ይገባል። የቀሚሷ ሮዝ ቀለም ፍክት የሚለው ያኔ ነው። የሚሠራውም ከወርቅ ነው!

የንጉሠ ነገሥቱ ሥርዓት በ1912 ካበቃ በኋላ እነ ሠዓሊ ዋንግ ቺ በዚህችው ከተማ እንዲህ ባለ ሰሌዳ ላይ እየሳሉ፣ ልክ እንደ ወረቀት ሥዕል ስማቸውን ይፈርሙበት ነበር። የኛ ቡና መጠጫ ግን ማን ፈርሞበት ያውቃል? «ስኒ» የሚለው ቃል ራሱ በዐረብኛ «ቻይናዊ» ከሚለው የመጣ ነው።

መንገድ ከጀመርኩ በኋላ ስኒውን እንዳልገዛሁ ትዝ አለኝ። ስመለስ አሮጊቷ አሁንም እዚያው ጆሮ ሥር ናቸው።